የእትየ አንጓች ካሴቶች

ባለፈው ዓርብ በአርብ ገበያ ከተማ መናኸሪያ መኪና እየጠበቅሁ ነበር። መናኸሪያ ይባላል እንጂ የቆመ መኪና አልነበረበትም። እናቴን ጠይቄ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ልመለስ ብዬ ነው የወጣሁት። መንገዱ ተከፍቷል ያለኝ ሰው ነበረ፤ ተዘግቷል ያለኝም ነበረ። ሁለቱም አልዋሹኝም። ጠዋት የተከፈተ መንገድ ቀትር ላይ ይዘጋል፤ ይህን ከለመድነው ቆይተናል። ሻንጣዬን እግሬ ሥር አድርጌ ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ጥግ ተቀመጥሁ። መብራት ከጠፋ ስለሰነበተ ሰውየው የጥንት የከሰል ካውያ አውጥቶ ካኪ ሱሪ ይተኩሳል። ውሃ በአፉ ይዞ ጨርቁ ላይ እፍ አለበትና ካውያውን አሳረፈው። ትኩስ እንፋሎት፣ የከሰል ጭስና የስፌት መኪና ዘይት አንድ ላይ ተደባልቀው መጡብኝ። ድካሙም ነው መሰለኝ ዓይኔ ተከደነ፤ ልክ ሲከደን እትየ አንጓች ፊቴ ቆመች።

እትየ አንጓች ጎረቤታችን ነበረች። ቤቷና ቤታችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እሷ ስታነጥስ እናቴ «ይማርሽ» ትላታለች። ልብስ ሰፊ ናት። ቀን በበረንዳዋ መኪናዋን ትረግጣለች፣ ማታ ጥልፍ ትጠልፋለች። ጠይም፣ ረጅም፣ አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ሜትር የሚንጠለጠል ሴት ነበረች። ባሏ ለሥራ ሑመራ ወርዶ በዚያው ቀረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከእሱ የመጣው ነገር አንድ ጥቁር ቴፕ ብቻ ነው፤ በአንድ ሾፌር እጅ። «እኔ ባሌን ብጠብቅ ቴፕ አድርገው ላኩልኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ሰዎች አብረዋት ይስቃሉ፤ እናቴ ግን አትስቅም።

ቴፑን ዳር ዳሩን የተጠለፈ ነጭ ልብስ አልብሳው ነበር። የባትሪ ድንጋዮቹ ሲደክሙ አውጥታ በረንዳው ላይ ፀሐይ ታሞቃቸዋለች፤ ትንሽ ነፍስ ይዘሩና ደግሞ ይሠራሉ። ካሴት ለማጠንጠን ድንጋይ አታባክንም፤ እስክርቢቶ ከቀዳዳው ከትታ በእጇ ታሽከረክረዋለች። ያ ክር፣ ክር፣ ክር የሚል ድምፅ በግድግዳው በኩል ሲሰማን አባቴ ከተጋደመበት ቀና ብሎ «አዲስ መጣላት» ይላል።

አዲስ የሚመጣላት ከሰርግ ነው። የሙሽራ ቀሚስ የምትሰፋው እሷ ስለሆነች ከታች ጋይንት፣ ከሲማዳ፣ አልፎ አልፎም ከእስቴ ሳይቀር ትጠራለች። ቀሚሱን አድርሳ፣ ሙሽራዋን አልብሳ ስትጨርስ ቴፑን ከዘንቢል አውጥታ ዳሱ መሐል፣ ከሴቶቹ ጎን ትቀመጥና የመቅጃውን ቀይ ቁልፍ ትጫነዋለች። ብዙ ሰው ነግሯታል። «እትየ አንጓች፣ ከአዝማሪው አጠገብ ሁኚ እንጂ፤ ማሲንቆው እንዲጠራ» ይሏታል። እሷ ግን አትነሳም። «ማሲንቆውንማ ቆጥ ላይ ያለ ዶሮም ይሰማዋል» ትላለች። ስለዚህ በእሷ ካሴቶች ውስጥ ከዘፈኑ እኩል ሌላ ሌላው ይሰማል። ዋንጫ ይጋጫል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ «ወዲህ በል ቅዳልን!» ይላል፣ አሮጊቶች እልል ይላሉ፣ እግር መሬቱን ይደበድባል።

ዓርብ ገበያው ሲሳሳ፣ አህዮች ወደየቀያቸው ሲመለሱ፣ ወዳጆቿ አንድ አንድ እያሉ ወደ በረንዳዋ ይመጣሉ። አባቴ የበግ ገበያውን ጨርሶ ዱላውን ከበሩ ያስደግፋል። የእህል ነጋዴው ጋሼ ካሴ ጋቢውን እያራገፈ ይገባል። መምህር ሳሙኤል፣ ከሩቅ ከተማ ተመድቦ የመጣው ወጣት የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ደብተር ማረሙን ትቶ ይመጣል። ሌሎችም ነበሩ። ደንቡ አንድ ነው፦ ካሴት ያለው ይዞ ይመጣል፤ የሌለው ጆሮውን ይዞ ይመጣል። እኛ ልጆች መሬት ላይ በተዝረከረከው ብጥቅጣቂ ጨርቅ ላይ እንቀመጣለን።

እነዚህ ሰዎች ለካሴት የነበራቸውን ፍቅር ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። በሱቅ የሚሸጠውን፣ በስቱዲዮ የተቀዳውን ካሴት ይንቁት ነበር። «የሱቅ ካሴት» ይሉታል። «የሱቅ ካሴት ሰው የለበትም» ይላል ጋሼ ካሴ። እነሱ የሚወዱት «የዳስ ካሴት» ነው። ያው አዝማሪ፣ ያው ዜማ፣ ግን እስቴ ላይ የተጫወተውና ወገዳ ላይ የተጫወተው ለየብቻ ነው፤ በዚህ ሲከራከሩ ይመሻል።

«የእስቴው ይበልጣል» ይላል ጋሼ ካሴ። «እዚያ ጉሮሮው ገና አልደከመ።»

«የወገዳው» ይላል አባቴ።

«ለምን? ምክንያትህን ንገረና!»

«የወገዳው» ይላል ደግሞ። አባቴ እንዲህ ነበር። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቃል ሳይወጣው ይውላል፤ እዚያ በረንዳ ላይ ግን ሲስቅ ጥርሱን አይቼዋለሁ።

መምህር ሳሙኤል መጀመሪያ ሲመጣ የፈረንጅ ካሴት ይዞ ነበር። ከእንግሊዝኛ መጽሐፎቹ ጋር በሻንጣ ይዟቸው የመጣ፣ አንዳንዱ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ካሴት ነው። ጊታሩ ከቴፑ ሲወጣ በረንዳው ላይ ነጎድጓድ የወረደ መሰለን። ዘፋኙ ይጮሃል። ጋሼ ካሴ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ፣ «ኧረ ይኸ ሰውየ ማን ሞቶበት ነው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። መምህር ሳሙኤል ቀላ፤ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ እትየ አንጓች መኪናዋን መርገጥ አቁማ፣ «ተወው! ዝም በሉ፣ ሰዎቹን ልስማ» አለች።

ዘፈኑ ሲያልቅ የሕዝቡ ድምፅ መጣ። እንደ ክረምት ጎርፍ ከሩቅ ተነሥቶ እየቀረበ፣ እየሰፋ፣ መጨረሻ የሌለው ጭብጨባና ጩኸት። እትየ አንጓች አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው።

«የት ነው ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰቡት?»

«ሜዳ ላይ ነው፣ እትየ። ኳስ ሜዳ ነው። እየዘፈኑ እዚያው የተቀዳ ነው።»

«እንዲያ በላ!» አለችና ወደ ጋሼ ካሴ ዞረች። «ይኸም የዳስ ካሴት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር ሳሙኤል የበረንዳው ሰው ሆነ። ከካሴቶቹ ሁሉ ያቺን፣ ሽፋኗ የተሰነጠቀውን፣ አብልጦ ይወዳት ነበር፤ ሲሰማት ጉልበቱን በጣቶቹ ይመታል። እኛም ቃሉን ሳናውቅ አብረን መጮህ ለመድን።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ እትየ አንጓች ሲማዳ ሰርግ ሄዳ አንድ ካሴት ይዛ ተመለሰች። አዝማሪው የታወቀ አልነበረም፤ ካሴቱን ያሳመረው ስመኘው የሚባል የዚያ አገር ወጣት ገበሬ ነው። ዳሱ ሞቅ ብሎ ሳለ ስመኘው ድንገት «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው «በል አምጣ!» ይለዋል። ስመኘው ሳቁን እየታገለ፣

«በሬዬን አትስደቡት ሰነፈ ብላችሁ፣
ማን ይጥመደው ታዲያ ጌታውን ጠርታችሁ?»

አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ሲመልሰው ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ስመኘው ራሱ ከሁሉ በላይ ይስቃል፤ ሳቁ እንደ ውርንጭላ ሩጫ ነው፣ ይነሣል፣ ይሰናከላል፣ ደግሞ ይነሣል። ያን ካሴት የማያስደግም ሰው አልነበረም። ግጥሟ ገበያ ወጣች። ሥራ የፈታ ሰው ሲያዩ «ጌታውን ጠርተውበት ነው» ማለት ተለመደ።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ስመኘውን ወንዝ ወሰደው የሚል ወሬ ደረሰን። ከበሬ ፍለጋ ሲመለስ ነው አሉ፤ ደራሽ ውሃ ነው። ብዙ ቀን ተፈለገ፤ አልተገኘም። ያለ ሬሳ ተለቀሰ። በዚያ ሳምንት እትየ አንጓች ካሴቱን አላወጣችም፤ እንድታወጣውም የጠየቃት የለም።

መስቀል አልፎ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር፣ አንድ ዓርብ፣ አንዲት ከል የለበሱ እናት በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሙ። ጭቃ የነካ እግራቸውን በሣሩ እየጠረጉ «የአንጓች ቤት ይኸ ነው?» አሉ። ከሲማዳ በእግራቸው ነው የመጡት። እማማ ጥሩነሽ፣ የስመኘው እናት፣ ነበሩ። ሁሉም ብድግ አለ። እትየ አንጓች ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«ልጄ እዚህ አለ አሉኝ» አሉ።

እትየ አንጓች ካሴቱን አመጣች። የስመኘውን ቦታ በእስክርቢቶ ታውቀዋለች፤ ግን አላጠነጠነችም። ከመጀመሪያው አስነሣችው። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ አዝማሪውን፣ እልልታውን፣ የሙሽራዋን አባት ምርቃት ሁሉ ሰሙ። «ተቀበል!» የሚለው ድምፅ ሲመጣ ነጠላቸው ከአፋቸው ወረደ። ሳቁ ሲመጣ እሳቸውም ሳቁ። የሳቁት ሳቅ የእሱኑ ነበር፤ የሚነሣ፣ የሚሰናከል። ከዚያ ሳቁ ሌላ ሆነ፤ እናቴ ከቤታችን ወጥታ መጥታ ደገፈቻቸው።

ሲረጋጉ፣ «በሬውማ አለ» አሉ። «ጠማጅ ነው ያጣው።»

ከዚያ ወዲያ በየዓርቡ መጡ። አንዳንዴ ቅቤ፣ አንዳንዴ ሽምብራ ይዘው ገበያ ወጥተው፣ ሲጨርሱ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። እትየ አንጓች ሌላውን ዘፈን ሁሉ ትታ ያን ታስነሣለች። መጀመሪያ ሁሉም በአክብሮት ተቀበለው። ወሩ ሲደጋገም ግን ሰው መቀነስ ጀመረ። ገበሬው ሳምንቱን ሙሉ ደክሞ የሚመጣው ትንሽ ሊስቅ ነበር። በረንዳው ለቅሶ ቤት ሆነበት።

ጋሼ ካሴ አንድ ቀን እማማ ጥሩነሽ ከመምጣታቸው በፊት አፉን ሞልቶ ተናገረ። «አንጓች፣ አትቀየሚኝ። እኔም ልጅ ቀብሬአለሁ። ዓርብ ዓርብ ተዝካር መቀመጥ ግን አልቻልሁም።»

«አልቀየምህም» አለችው። «ቅዳሜ ና። ለአንተ ቅዳሜ አስነሣልሃለሁ።»

«እሳቸውን ቅዳሜ አድርጊያቸው እንጂ!»

«እሳቸው የሚመጡት ገበያ ሲወጡ ነው። ሌላ ቀን ያን መንገድ ማን ያስኬዳቸዋል?»

ጋሼ ካሴ ጋቢውን አንሥቶ ሄደ። ቅዳሜም አልመጣም። ሌሎቹም እየተከተሉት መምጣት ተዉ። አባቴና መምህር ሳሙኤል ብቻ ቀሩ። እትየ አንጓች በዚያ ሰሞን ደከመች፤ አየሁባት። መኪናዋን ስትረግጥ ድንገት ታቆምና ክሩን እንደያዘች ወደ መንገዱ ታያለች። እናቴ «አልችለውም ብለሽ ንገሪያቸው» ስትላት ሰምቻለሁ። «ምን ብዬ? ድምፁ አለቀ ልበላቸው?» አለች።

ድምፁ ግን በእውነት እያለቀ ነበር። ክር ነውና ሲደጋገም ይሳሳል። ስመኘው «ተቀበል» ሲል እንደ ድሮው ከቅርብ አይሰማም፤ ከወንዝ ማዶ የሚጣራ ይመስላል። የሚቀጥለው ክረምት ሊገባ ሲል፣ እማማ ጥሩነሽ ተቀምጠው ሳለ፣ ቴፑ ካሴቱን አኘከው። ዜማው ተጎተተ፣ አጉረመረመና ዝም አለ። እትየ አንጓች ስትከፍተው ክሩ እንደ አንጀት ተጎልጉሎ ወጣ። እማማ ጥሩነሽ አልጮኹም። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ብቻ አደረጉ።

እትየ አንጓች በጥልፍ መርፌዋ ክሩን ፈታችው፣ የተቀደደውን በመቀስ ቆርጣ በጥፍር ቀለም አጣበቀችው፣ በካውያዋ ሙቀት በጨርቅ ላይ በስሱ ዳበሰችው። ከማሲንቆው ትንሽ ጎደለ፤ የስመኘው ተረፈ። ግን ለመምህር ሳሙኤል በቀስታ፣ «ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ነው የሚችለው። ሌላ ላይ ካልገለበጥነው ያበቃለታል» አለችው።

ባዶ ካሴት ግን በከተማው አልነበረም። ዝናቡ ጀምሯል፤ መኪና ከንፋስ መውጫ መውረድ አቁሟል። መምህር ሳሙኤል መደርደሪያዋን እያየ፣ «ከእርስዎ ካሴቶች አንዱን እናጥፋ፣ እትየ» አለ።

መደርደሪያዋን እሷም አየችው።

«የማንን ቤት ልደምስስ?» አለች። «ይኸ የእነ አበበ ሰርግ ነው፤ አያትየዋ እልል ያሉበት ነው፣ አሁን የሉም። ያኛው የወገዳው ነው፤ ቄሱ የመረቁበት። ሁሉም ካሴት ሰው አለበት።»

መምህር ሳሙኤል ተነሥቶ በዝናቡ ውስጥ ወጣ። ሲመለስ የራሱን ትንሽ ቴፕና ያቺን ሽፋኗ የተሰነጠቀ ካሴት ከኮቱ ሥር ይዞ ነበር።

«ይቺን?» አለች እትየ አንጓች። «ይቺንማ አይሆንም።»

«እኔ ከእነዚህ አንድም ሰው አላውቅም» አላት። «አይቀየሙኝም።»

ሁለቱን ቴፖች ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፤ ያኔ የሚገለበጠው እንዲህ ነው። ድምፅ ሁሉ ስለሚገባ በሩ ተዘጋ፣ ዶሮዎቹ ተባረሩ፣ አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ መንገደኛውን በእጁ ዝም ያሰኝ ጀመር። ዝናቡ እንኳ ፋታ ሰጠን። እማማ ጥሩነሽ የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰዋል። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ትንፋሼን እየቆጠብሁ አዳመጥሁ። ስመኘው ተጣራ፣ ግጥሙን አለ፣ ሳቀ፤ ዜማውም አለቀ። መምህር ሳሙኤል ጣቱን ሰድዶ ሁለቱንም ዘጋ።

«እስቲ ይዞ እንደሆነ» አለችና አጠነጠነችው።

ይዟል። ሻካራ ነው፣ ራቅ ያለ ነው፣ ግን ስመኘው ነው። ግጥሙ አለፈ፣ ሳቁ አለፈ፣ የዳሱ እልልታ እየሰለለ ሄደ፤ ከዚያ የእኛ ቅጂ አብቅቶ ሥር የነበረው አሮጌው መጣ። ኳስ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ። ከሩቅ ተነሥቶ፣ እየቀረበ፣ እየሰፋ፣ ያ ሁሉ ሰው አጨበጨበ፣ ጮኸ፣ አፏጨ።

መምህር ሳሙኤል ደንግጦ ሊያጠፋው ሲል እትየ አንጓች እጁን ያዘችው። እማማ ጥሩነሽ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ይኸ ሁሉ ሰው...» አሉ። «ይኸ ሁሉ ሰው ለእሱ ነው?»

መምህር ሳሙኤል እትየ አንጓችን አየ። እሷ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች።

«ለዘፈኑ ነው፣ እማማ» አለች። «እሱም ዘፈኑ ውስጥ ነበረ።»

እማማ ጥሩነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ሄዱ። መንደራቸው ውስጥ ቴፕ ያለው አንድ ዲያቆን ነበረ፤ በፈለጉ ጊዜ ያስነሣላቸዋል። ዓርብ ዓርብ መምጣታቸው ቀረ። ለፋሲካ ብቻ ዶሮ ይልኩላት ነበር።

በረንዳው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። የሄደ ሰው በዚያው ይለምዳል። መምህር ሳሙኤልን በማግሥቱ ዓመት ወደ ሌላ አገር አዛወሩት፤ የቀሩትን ካሴቶች ለእትየ አንጓች ትቶላት ሄደ። ጋሼ ካሴ ቴሌቪዥን ገዛ። አባቴ ብቻውን ከእሷ ጋር ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ እሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ በሳንባው ታሞ ሞተ። ሙሽሮች ከንፋስ መውጫ ቬሎ መከራየት ጀመሩ፣ አዝማሪውን ኦርጋን ተካው፣ ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ለሰርግ የሚጠራት ጠፋ። ዓይኗም ደከመ። እኔ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ይዤ ስመላለስ በረንዳዋ ላይ ቆሜ ሰላም እላታለሁ፤ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ፣ ሁልጊዜም ሌላ ጊዜ እቀመጣለሁ እላለሁ። ቴፑ በመጨረሻ ሲበላሽ የሚጠግነው አልተገኘም።

ከመሞቷ በፊት በነበረው በጋ ካሴቶቹን በዘንቢል ይዛ ከቤት ቤት ዞረች። ከካሴት ወዳጆቿ ለማንም አልሰጠችም። ጋሼ ካሴ የእስቴውን ለምኗት ከለከለችው። ለየቤቱ፣ ድምፁ ያለበትን ለባለ ድምፁ ወገን አደረሰች። የአበበ አያት እልልታ ለአበበ ደረሰ። አልፎ አልፎ በርቀት ላሉት በገበያተኛ ላከች። ቴፕ ያለው ቤት እንደሌለ ታውቅ ነበር። ለእናቴም አንድ ሰጠቻት፤ የአክስቴ ሰርግ ነው። «ባልሽ እዚህ አለ» ብቻ ብላት ሄደች።

ባለፈው ዓርብ ስጠብቀው የነበረው መኪና አልመጣም። ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ተመለስሁ። ምሳ አቀረበችልኝ፤ በላሁ፤ ከዚያ ስለ እትየ አንጓች ሳስብ እንደዋልሁ ነገርኋት። ሣጥኗን ከፍታ ካሴቱን አወጣችው። በቆራጣ የሙሽራ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ከእጇ ተቀብዬ አገላበጥሁት። ምንም አልተጻፈበትም።

«ንፋስ መውጫ ካሴት ወደ ስልክ የሚገለብጥ ልጅ አለ» አልኋት። «ልውሰደው?»

«በዚህ መንገድ?» አለች። «ቢያኝክብንስ?»

ልከራከራት ጉልበቱ አልነበረኝም። «ሰርጉ ላይ ነበርሽ አይደል?» ብዬ ጠየቅኋት፤ «አባቴ ምን ብሎ ነው ድምፁ የገባው?»

«አዝማሪው ሲዘፍን ውሎ ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር» አለች። «አባትሽ ‹ውኃ አምጡለት እንጂ ለሰውየው› አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን እንዲል ፈለግሽ?» አለችና ካሴቱን ከእጄ ወስዳ መልሳ ጠቀለለችው።